የእኅት ሐዘን የወለደው የሕይወት ሥራ፤ ኤሊሴ ኦተሰን-የንሰን (1886–1973)

በስካንዲኔቪያ ስለ ሥነ ተዋልዶ ጤና ትምህርት ታሪክ በተነሣ ቁጥር በቅድሚያ ከሚጠሩት ሰዎች መካከል ወይዘሮ ኤሊሴ ኦተሰን-የንሰን አንዷ ናቸው። ሐኪም አልነበሩም፤ የዩኒቨርሲቲ ትምህርትም አልጨረሱም። ሆኖም ከተማሪዎች ጋር የሚሠራ ባለሙያ ሁሉ ከሕይወታቸው የሚማረው ነገር አለ።

ወይዘሮ ኤሊሴ በ1886 እ.ኤ.አ. በኖርዌይ ተወለዱ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አባታቸው ቄስ ሲሆኑ፣ እርሳቸው ከአሥራ ስምንት ልጆች አሥራ ሰባተኛዋ ነበሩ። የጥርስ ሐኪም ለመሆን ይመኙ ነበር፤ ነገር ግን በቤተ ሙከራ ውስጥ በደረሰ ፍንዳታ ጣቶቻቸው ስለተጎዱ ምኞታቸው ተሰናክሎ ወደ ጋዜጠኝነት አዘነበሉ።

የሕይወታቸውን አቅጣጫ የወሰነው ግን በታናሽ እኅታቸው በማግንሂልድ ላይ የደረሰው ነው። ልጅቷ ሳታገባ በማርገዟ፣ የቤተሰቡ ስም እንዳይጎድፍ ተብሎ ወደ ዴንማርክ ተላከች። ሕፃን ከማኅፀን በምን መንገድ እንደሚወጣ እንኳ የነገራት ሰው ስላልነበረ በከባድ ፍርሃት ወለደች፤ ልጇም ተወሰደባት። ከዚያ በኋላ አእምሮዋ ታወከ፤ ጤናዋም አልተመለሰላትም። ወይዘሮ ኤሊሴ እኅታቸውን የጎዳት ኃጢአት ሳይሆን ድንቁርናና ኀፍረት መሆኑን ተረዱ። ይህንንም እስከ ዕለተ ሞታቸው አልዘነጉትም።

ወደ ስዊድን ከተሻገሩ በኋላ በሠራተኞች ጋዜጦች ላይ እየጻፉ፣ ከ1920ዎቹ ጀምሮም ከመንደር ወደ መንደር እየተጓዙ ያስተምሩ ጀመር። በዘመኑ የነበረው የ1910 ሕግ ስለ እርግዝና መከላከያ በይፋ ማስተዋወቅን ይከለክል ነበር። እርሳቸው ግን እስራትን ሳይፈሩ በየጫካው ሰፈር ለሚኖሩ ድኻ እናቶች መከላከያውን አስረዱ፤ አጠቃቀሙንም አሳዩ። ለወንዶችም የሴቲቱ ፈቃድና ደስታ የጋብቻ ግዴታ በሚል ሰበብ ሊረገጥ እንደማይገባ ይነግሩ ነበር። ሕጉ በ1938 ተሻረ።

በ1933 ከሐኪሞችና ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር ሆነው የስዊድንን ብሔራዊ የወሲብ ትምህርት ማኅበር መሠረቱ፤ ለረጅም ዓመታትም መሩት። በ1955 ስዊድን ትምህርቱን በትምህርት ቤቶች ግዴታ አደረገች። በ1952 በቦምቤይ የተቋቋመውን ዓለም አቀፍ የቤተሰብ ምጣኔ ፌዴሬሽን ከመሠረቱት አንዷ ሲሆኑ፣ ከ1959 እስከ 1963 ፕሬዚዳንቱ ነበሩ። በ1966 የተመሠረተው የአገራችን የቤተሰብ መምሪያ ማኅበርም የዚሁ ፌዴሬሽን አባል ነው። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ላላጠናቀቁት ለእኒህ ሴት የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ በ1958 የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው።

ይሁን እንጂ የዘመናቸው ጥላ በሥራቸውም ላይ ማረፉን መሸሸግ አይገባም። በዚያን ጊዜ ዘርን ስለ ማሻሻል የተሰበከው አስተሳሰብ ለእንቅስቃሴያቸውም እንግዳ አልነበረም። ስዊድን በ1934 ያወጣችው የማምከን ሕግ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ በሥራ ላይ ሲቆይ፣ ብዙ ሰዎች በግፊት ወይም ያለ እውነተኛ ፈቃድ መክነዋል፤ መንግሥትም በ1999 ካሣ ሊከፍላቸው ወሰነ። ዕውቀትን ማዳረስ ብቻውን ሰውን ነጻ እንደማያወጣ ከዚህ እንረዳለን። ፈቃድ ሲጎድል በጎ ሐሳብም ወደ በደል ይለወጣል።

ወይዘሮ ኤሊሴ በ1973 አረፉ። ዛሬ ከወላጆቿ ርቃ ወደ ዩኒቨርሲቲ የምትገባ ወጣት ከማግንሂልድ የተሻለ ዕድል አላት ቢባልም፣ የምትጠይቀው ሰው ካጣች ወይም ስትጠይቅ የምትሸማቀቅ ከሆነ ልዩነቱ ጥቂት ነው። ስለዚህ በግቢ ክሊኒክና በምክር አገልግሎት የምንሠራ ባልደረቦች ራሳችንን ልንመረምር ይገባል፤ በራችን ክፍት ነውን? ምስጢር እንጠብቃለንን? እምቢ የማለት መብት እንዳላቸው ለሴቱም ለወንዱም በግልጽ እናስተምራለንን? የእኒህን ሴት መታሰቢያ የምናከብረው ለእነዚህ ጥያቄዎች በሥራ መልስ ስንሰጥ ነው።