ነሐሴ 12 ቀን የተወለዱት እቴጌ ጣይቱ ብጡል

ነሐሴ 12 ቀን በክረምቱ መካከል ይውላል። ትምህርት ቤቶች ዝግ ናቸው፤ በሰንደቅ ዓላማው ሥር ቆሞ ንግግር የሚያደርግም የሚያዳምጥም የለም። ስለዚህ በዚያ ቀን የተወለዱት ሁለት ታላላቅ ሰዎች በተማሪዎች ዘንድ ሳይነሡ ያልፋሉ። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። ባለቤታቸው እቴጌ ጣይቱ ብጡልም በዚሁ ዕለት እንደ ተወለዱ ይነገራል፤ ዓመቱን ግን አንዳንዶች 1832 ሲያደርጉት ሌሎች ዐሥር ዓመት ያህል ወደዚህ ያመጡታል።

ቀኑ ለሌሎች ስመ ጥሮችም ተርፏል። ጥቁር ሕዝብ ራሱን እንዲያከብር ዕድሜውን ሙሉ የሰበከው ማርከስ ጋርቬይ በ1879 ዓ.ም. ጃማይካ ላይ፣ በቀልዷና በድፍረቷ ዓለምን ያሳቀችው የፊልም ተዋናይ ሜይ ዌስት በ1885 ዓ.ም. ኒውዮርክ ላይ የተወለዱት በዚሁ ዕለት ነው። በሌላው ዓለም ቀኑ ሲታወስ በይበልጥ የሚነሡት እነዚህ ናቸው። በእኛ አገር ደግሞ ንግግሩን ሁሉ ዐፄ ምኒልክ ይወስዱታል፤ ለእቴጌይቱ የምትተርፈው አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት። ይህ ገጽ ስለዚህ የእርሳቸው ይሁን።

እቴጌ ጣይቱ የብጡል ኃይለ ማርያም ልጅ ናቸው። ዘራቸው ከሰሜኑ ገዥ ከደጃዝማች ውቤ ቤት ይመዘዛል። ደጃዝማች ውቤ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ በካሳ ኃይሉ፣ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ በተባሉት፣ ድል ሲሆኑ የዚህ ታላቅ ቤት ኀይል ተሰበረ። ጣይቱ እንግዲህ ያደጉት የሥልጣንን ጣዕምም፣ የመውደቅን ምሬትም በሚያውቅ ቤተ ሰብ ውስጥ ነው። በዚያን ዘመን ሴት ልጅ ፊደል መቁጠሯ ብርቅ ነበር። እርሳቸው ግን ማንበብና መጻፍ ተምረዋል፤ ግእዝም ያውቁ ነበር። በገና ይደረድሩ፣ ሰንጠረዥም ይጫወቱ ነበር። ሰንጠረዡን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ በመንግሥት ሥራ ላይ ያሳዩት ብልሃት ከዚያ ጨዋታ ጋር ይመሳሰላልና።

ቀደም ሲል የነበራቸው ትዳር አልሰመረላቸውም። ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋር የተጋቡት በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት፣ በአንኮበር መድኃኔ ዓለም፣ በቁርባን ነው። ልጅ አልወለዱም፤ ይህም ኋላ ብዙ ነገር አስከትሏል። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1879 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ከብርዳሙ እንጦጦ ወርደው በፍል ውሃ ሳሉ ቦታውን ወደዱት። ቤት እንዲሠራላቸው ባላቸውን ለምነው አስፈቀዱ፤ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። ዛሬ ስንት ሚሊዮን ሰው የሚኖርበት ከተማ ስም ያወጡለት እርሳቸው መሆናቸውን ከነዋሪዎቹ ስንቱ ያስታውሰው ይሆን? ዐፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ነገሡ፤ ጣይቱም ከሁለት ቀን በኋላ እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ።

በእኔ አስተያየት የእቴጌይቱ ታላቅ ሥራ የተፈጸመው በጦር ሜዳ ሳይሆን በወረቀት ላይ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ስትጻጻፍ ብትፈቅድ በኢጣልያ በኩል ለማድረግ ትችላለች ይል ነበር፤ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተጽፏል። በአንዲት ግሥ አገር ሊሸጥ ነበር። በ1883 ዓ.ም. ኮንት አንቶኔሊ ነገሩን ሊያለዝብ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ እቴጌይቱ ከንግግሩ አልራቁም። መልእክተኛው የመንግሥቱ ክብር እንደሚነካ ባመለከተ ጊዜ የኢትዮጵያም ክብር እንደዚያው እንደሚነካ መለሱለት። ጦርነት የማይፈልጉ መሆናቸውን፣ ከመጣ ግን የማይፈሩት መሆናቸውንም አስታወቁት። አንቶኔሊ ተቆጥቶ፣ ባዶ እጁን ወደ አገሩ ተመለሰ።

ጦርነቱም መጣ። በጥር ወር 1888 ዓ.ም. ኢጣልያኖች በመቀሌ እንዳ ኢየሱስ ላይ መሽገው ነበር። በምሽጉ ላይ ፊት ለፊት መሮጡ ብዙ ሰው አስፈጀ። ያን ጊዜ ጠላት የሚጠጣበትን ምንጭ እንዲያዝ ምክር ያቀረቡት እቴጌ ጣይቱ ናቸው፤ ከራሳቸው ወታደሮችም ሰዎች መርጠው ወደ ምንጩ ላኩ። ውሃ ያጣው የምሽግ ጦር ቦታውን ለቅቆ ለመውጣት ተገደደ። የካቲት 23 ቀን በዓድዋም የራሳቸውን ጦር ይዘው ተሰለፉ፤ ሴቶቹን አሰልፈው ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውሃ እንዲደርስ አደረጉ። ስለ ዓድዋ ይህን ያህል ይብቃ፤ በየዓመቱ እንሰማዋለንና።

እኛ በአሶሳ የምንማር ልጆች ግን ከዓድዋ በኋላ የሆነውንም ማወቅ አለብን። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኰንን ወደ ቤላ ሻንጉል ዘመቱ። ሼህ ሆጀሌ አልሐሰን ወደ አዲስ አበባ ተወስደው ታሰሩ፤ ከጊዜ በኋላም ተለቅቀው በአሶሳ ላይ ገዥ ሆኑ። ሸጎሌ የሚባለው የአዲስ አበባ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእርሳቸው ነው። ከዚህ አገር ወደ መሐል ወርቅ ሄደ፤ ሰዎችም በባርነት ተነድተዋል። በግንቦት ወር 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው ውል የተሰመረው ወሰን ደግሞ የበርታን ሕዝብ ለሁለት አገር ከፍሎታል። ዓድዋን ያከበረ ሰው ይህን ቢደብቅ ታሪኩን ግማሹን ብቻ አነበበ ማለት ነው። የወረቀት መስመር በሰው ኑሮ ላይ ምን እንደሚያደርግ በጠረፍ የሚኖር ሰው ያውቀዋል፤ ስለ 17ኛው አንቀጽ ስናነብም ነገሩ ሩቅ አይመስለንም።

ወደ እቴጌይቱ እንመለስ። በ1890ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ ያሠሩት ሆቴል በአገሪቱ የመጀመሪያው ነው፤ በጥር ወር 2007 ዓ.ም. እሳት ቢጎዳውም በስማቸው ይጠራል። ባንክ በባዕዳን እጅ ብቻ መሆኑን ስላልወደዱ፣ ኢትዮጵያውያን ገንዘብ የሚያዋጡበት የእርሻና የንግድ ማኅበር አቋቁመዋል።

ዐፄ ምኒልክ በሕመም ሲደክሙ የመንግሥቱን ሥራ እቴጌይቱ ያዙ። ሹም ሽሩን በእጃቸው አደረጉ፤ ዘመዶቻቸውን ወደ ላይ አወጡ። የንጉሡን ልጅ ዘውዲቱን ያገባው የወንድማቸው የራስ ወሌ ልጅ ጉግሣ ስለ ነበር፣ ዙፋኑን ወደዚያ ሊያዞሩት ነው ተብለው ተጠረጠሩ። ጥርጣሬው ከንቱ ነበር ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን ወንድ መኳንንት ሁሉ በየቤታቸው ይህንኑ ሲያደርጉ ማንም አልተገረመም። በመጋቢት ወር 1902 ዓ.ም. የሸዋ መኳንንት ተማክረው ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን እንዲያነሡና በሽተኛ ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ወሰኑ። ለጠላት መልእክተኛ ያልተንበረከኩት ሴት ለገዛ አገራቸው ሰዎች ውሳኔ አደሩ፤ ማስታመሙንም እስከ መጨረሻው አላቋረጡም።

ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። እቴጌይቱ ወደ እንጦጦ ወጥተው ዘውድ በጫኑባት ማርያም አጠገብ ተቀመጡ። በ1909 ዓ.ም. ዘውዲቱ ሲነግሡ ጉግሣ ከሚስታቸው እንዲለዩ ተደረገ፤ ለጣይቱ ቤት የቀረችው ተስፋ በዚያ አበቃች። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐርፈው በእዚያው በእንጦጦ ማርያም ተቀበሩ። በኋላ ዐፅማቸው ወርዶ በአዲስ አበባ በበዓታ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዐፄ ምኒልክ ጎን ዐርፏል።