ሐዋርያው ናትናኤል ማን ነበረ?

ከጌታችን ደቀ መዛሙርት መካከል የጴጥሮስንና የዮሐንስን ታሪክ ያልሰማ ተማሪ አይገኝም። የናትናኤልን ታሪክ ለይቶ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ምክንያቱም ከአራቱ ወንጌላውያን ስሙን የጻፈው ዮሐንስ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ያነሣው በወንጌሉ መጀመሪያና መጨረሻ፣ በ1ኛውና በ21ኛው ምዕራፍ ነው።

ናትናኤል የቃና ዘገሊላ ሰው ነበረ። ስሙም በዕብራይስጥ እግዚአብሔር ሰጠ ማለት ነው። ወዳጁ ፊልጶስ ሙሴና ነቢያት የጻፉለትን መሢሕ እንዳገኙ፣ እርሱም የናዝሬቱ ኢየሱስ እንደ ሆነ ቢያበሥረው ናትናኤል ተጠራጠረ። ናዝሬት በብሉይ ኪዳን ስሟ ያልተጠራ ትንሽ መንደር ስለ ነበረች፣ ከዚያ መልካም ነገር ይወጣል ብሎ አልገመተም። የሚያስገርመው ግን የናትናኤል አገር ቃናም በዚያው በገሊላ ያለች መንደር መሆኗ ነው። የኢየሩሳሌም ፈሪሳውያን ደግሞ ከገሊላ ነቢይ አይነሣም እያሉ አውራጃውን በሞላ ይንቁ ነበር። እንግዲህ የተናቀው ጎረቤቱን ናቀ ማለት ነው።

ፊልጶስ ክርክር ሳይገጥም መጥቶ እንዲያይ ጋበዘው። ናትናኤልም በግምቱ ጸንቶ አልቀረም፤ ተነሥቶ ሄደ። ጌታም ተንኰል የሌለበት እስራኤላዊ መሆኑን መሰከረለት፤ ፊልጶስ ሳይጠራው ከበለስ በታች ሳለ እንዳየውም ነገረው። በዚህ ጊዜ ናትናኤል ሳይውል ሳያድር የእግዚአብሔር ልጅነቱን አመነ። ስለዚህች በለስ በአገራችን የሚተረከው፣ ሄሮድስ ሕፃናትን ባስፈጀ ጊዜ እናቱ ከሥሯ ሸሽጋ እንዳዳነችው ነው።

ስለ ማንነቱ ሊቃውንት በአንድ ሐሳብ አልተስማሙም። ብዙዎች በርተሎሜዎስ ነው ይላሉ፤ ማቴዎስ፣ ማርቆስና ሉቃስ የሐዋርያትን ስም ሲዘረዝሩ በርተሎሜዎስን ከፊልጶስ ቀጥለው ሲጽፉ፣ ዮሐንስ ግን በርተሎሜዎስን ፈጽሞ አያነሣምና። ደግሞም በርተሎሜዎስ ማለት የተልማይ ልጅ ማለት ስለ ሆነ፣ ሌላ የራሱ ስም ሊኖረው ይችላል። በግብፅና በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ግን ቀናተኛው ስምዖን ናትናኤል ይባላል። ቅዱስ አውግስጢኖስ በበኩሉ ናትናኤል ሕግ የተማረ ስለ ነበረ ከ12ቱ አልተቈጠረም ብሏል።

ስሙ ቢያከራክርም ጽናቱ አያጠራጥርም። ከትንሣኤ በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ሌሊቱን ሙሉ ደክመው ምንም ካላገኙት፣ በማለዳም በጌታ ቃል 153 ዓሣ ካጠመዱት 7 ደቀ መዛሙርት አንዱ እርሱ ነበረ።

ከልዩ ልዩ ስፍራ ተሰብስበን በአንድ ክፍል ለምንማር ለእኛ የናትናኤል ሕይወት ታላቅ ትምህርት ነው። መጠራጠር ነውር አይደለም፤ ነውሩ ሳያዩ መፍረድ ነው። ባልንጀራችንን በትውልድ መንደሩ ከመመዘናችን በፊት እንደ ናትናኤል ቀርበን እንየው።