አክሊሉ ለማ፦ የሕጻናትን ጤና ከወንዝ ዳር የጀመሩ ሳይንቲስት

በአዋሽ ሸለቆ የሚወለድ ሕጻን ከወንዝና ከቦይ ውኃ ጋር የሚተዋወቀው ገና መራመድ ሳይጀምር ነው። እናቱ ልብስ ልታጥብ ወይም ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ አዝላው ትወርዳለች፤ ሥራዋን እስክትጨርስ ከዳር ታስቀምጠዋለች፤ ሙቀቱ ሲበረታም እዚያው ገላውን ታጥበዋለች። ከአዋሽ ከተማ እስከ ሠመራ በተዘረጋው ቆላ ይህ የዕለት ኑሮ እንጂ የማንም ጥፋት አይደለም። ይሁንና በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ በዓይን የማይታይ ትል የሕጻኑን ቆዳ ሰርስሮ ሊገባና ለዓመታት በደሙ ውስጥ ሊኖር ይችላል። የትሉ በሽታ ቢልሃርዝያ ይባላል። በሀገራችን ከዚህ በሽታ ጋር በተያያዘ ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው ሊቅ ደግሞ ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።

አክሊሉን ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በእንዶድ ነው። በአዋሽ ሸለቆ ያካሄዱት ጥናት ግን እምብዛም አይነገርም፤ የሕይወት ታሪካቸውን ለዚህ ዓምድ የመረጥነውም በዚህ ምክንያት ነው። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አክሊሉ ለማ በ1930ዎቹ አጋማሽ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ተወለዱ። በአዲስ አበባ ከተማሩ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በ1964 አገኙ። በዚያው ዓመት ወደ ሀገራቸው ተመልሰው በቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማስተማርና መመራመር ጀመሩ። ስማቸውን ያስጠራው ግኝት የተገኘውም ብዙ ሳይቆይ ነው።

ቦታው ዓድዋ ነበር። ወጣቱ ተመራማሪ ወደዚያ የወረዱት ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው የቀንድ አውጣ ዓይነት በየትኛው ወንዝ፣ በምን ያህል ብዛት እንደሚገኝ ለማጥናት ነው። ትሉ ዕድሜውን ለመጨረስ ሁለት ቤት ያስፈልገዋል። አንዱ ሰው ነው፤ ሁለተኛው በዝግታ በሚፈስ ወይም በቆመ ንጹሕ ውኃ ውስጥ የሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ነው። በበሽታው የተያዘ ሰው በውኃ ዳር ሲጸዳዳ እንቁላሉ ከውኃው ይገባል፤ የተፈለፈለው ነፍስ ቀንድ አውጣውን ፈልጎ ይገባበታል፤ ከሳምንታት በኋላም በብዙ ሺህ ተባዝቶ ወደ ውኃው ይወጣና ሰው ይጠብቃል። ቀንድ አውጣው ከሌለ ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

አክሊሉ ወንዙን ተከትለው ሲሄዱ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ቦታ በዝተው አገኙ። ሴቶቹ የሚያጥቡት በሱቅ ሳሙና አልነበረም። የእንዶድን ፍሬ አድርቀውና ወቅጠው፣ አረፋውን እየመቱ ነጠላና ጋቢያቸውን ያነጡበት ነበር፤ ይህም ከአያት ቅድመ አያት የወረሱት ነው። ተመራማሪው ከአጣቢዎቹ አንዷን ለምነው በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ዕቃ ውስጥ የእንዶዱን አረፋ አስጨመሩ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። በኋላ በቤተ ሙከራ የተደረገው ሁሉ ይህንኑ የወንዝ ዳር ሙከራ በልክና በቁጥር የሚያረጋግጥ ሆነ።

ለእኔ የዚህ ታሪክ ትልቁ ነገር የፍሬው ኃይል ብቻ አይደለም። በዚያ ዘመን ቀንድ አውጣ ለመግደል የሚውለው የፋብሪካ ኬሚካል ከውጭ በውድ ዋጋ የሚገባ ነበር፤ ድሃ ገበሬ ወይም አርብቶ አደር በራሱ አቅም ሊገዛው የሚችል አልነበረም። አክሊሉ ግን መድኃኒቱ በሽታው ባለበት ቀዬ፣ በድሃዋ እናት እጅ ውስጥ እንዳለ አዩ። ከዚያ በኋላ የሠሩት ሥራ ሁሉ ከዚህ እምነት የሚነሣ ነው።

በ1966 በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ያ ዘመን ደግሞ አዋሽ የሚለወጥበት ዘመን ነበር። የቆቃ ግድብ በ1960 ተጠናቅቆ የወንዙ ፍሰት ዓመቱን ሙሉ የሚመጠን ሆነ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ከወንጂ የሸንኮራ አገዳ እስከ ተንዳሆ የጥጥ እርሻ ድረስ ቦይ ተቆፈረ። ከየአውራጃው እንጀራ ፍለጋ የወረደው ሠራተኛ ከነቤተሰቡ በየካምፑ ሰፈረ። ንጹሕ የመጠጥ ውኃና መጸዳጃ ቤት እንደ ቦዩ ፈጥኖ አልደረሰም። የሠራተኛው ልጅ የሚጫወትበት፣ የሚዋኝበትና የሚታጠብበት ስፍራ ቦዩ ነበር።

አክሊሉ በወንጂና በሸዋ ስኳር እርሻዎች ላይ ያካሄዱትን ጥናት በ1969 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። ቢልሃርዝያ የሸለቆው የወደፊት ልማት ስጋት መሆኑንም አስጠነቀቁ። ሀገር ሁሉ መስኖን በሄክታርና በኩንታል በሚለካበት ጊዜ እርሳቸው ሌላ መለኪያ ይዘው መጡ። በግብርና ኮሌጅ ሳለሁ ስለ ቦይ ተዳፋትና ስለ ውኃ ብክነት ብዙ ተምሬአለሁ፤ ቦዩ ዳር ስለሚቀመጠው ሕጻን ግን የሰማሁት ትዝ አይለኝም።

ጥናቱ በላይኛው አዋሽ አልቆመም። ከሕክምና ጂኦግራፊ ተመራማሪው ከሄልሙት ክሎስ ጋር በመሆን በሸለቆው የመስኖ እርሻዎች ላይ ያደረጉት ሰፊ ጥናት በ1977 ታተመ። ለእኛ ለአፋር ነዋሪዎች የሚጠቅመው ቁም ነገር በሸለቆው ውስጥ ያለው በሽታ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። በላይኛው አዋሽ፣ በወንጂና በመተሐራ በኩል የሚገኘው አንጀትንና ጉበትን የሚያጠቃው ዓይነት ነው። በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ፣ እንደ አሚባራና ገዋኔ ባሉት አካባቢዎች የታወቀው ግን የሽንት ፊኛን የሚጎዳውና ሽንትን ደም የሚያስቀላቅለው ነው። የሁለቱ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችም ይለያያሉ፤ የታችኛው አዋሽ ቀንድ አውጣ ረግረግ ይወዳል። እንግዲህ ከብቱን በረግረጉ ዳር የሚያሰማራው አርብቶ አደር ልጅ፣ አንድም ቀን ከእርሻ ቦይ ባይደርስ እንኳ፣ ከአደጋው ውጭ አይደለም።

ትሉ በሕጻን ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ቀስ ብሎ የሚመጣ በመሆኑ ብዙ ወላጅ አያስተውለውም። የሚጎዳው ትሉ ራሱ ሳይሆን በየዕለቱ የሚጥላቸው እንቁላሎች ናቸው። የአንጀትን ወይም የፊኛን ግድግዳ እየቀደዱ ሲያልፉ ደም ይፈስሳል፤ የቀሩት በሥጋው ውስጥ ተቀብረው ያቆስላሉ። ልጁ ደም እያነሰው ይሄዳል፤ ቁመቱ ይቀነጭራል፤ ትምህርት የመቀበል ችሎታው ይቀንሳል። በቤት ውስጥ ምግብ ሲያጥር ጉዳቱ ይከፋል፤ ከሚበላት ጥቂት የሚገኘውን ብረትና ጉልበት ትሉ ይሻማዋልና። ሰነፍ ወይም ፈዛዛ እየተባለ የሚነቀፈው ልጅ ሕመምተኛ ሊሆን ይችላል። ደግነቱ በጊዜው ከታከመ አብዛኛው ጉዳት የሚመለስ መሆኑ ነው።

ከ1969 እስከ 1974 አክሊሉና ባልደረቦቻቸው ወደ ዓድዋ ተመልሰው ትልቁን ፈተና አካሄዱ። ወደ 17 ሺህ ሕዝብ በነበራት ከተማ ወንዞችና ጅረቶች ላይ የተፈጨ እንዶድ በየጊዜው እየተረጨ ውጤቱ ለአምስት ዓመታት ተመዘገበ። ሥራው ሲጀመር ከነዋሪው 63 በመቶው በሽታው ነበረበት፤ ሲያበቃ ወደ አንድ ሦስተኛ ወርዶ ነበር። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው የሕጻናቱ ቁጥር ነው። ዕድሜያቸው ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ከሆኑት መካከል በፊት ግማሾቹ ተይዘው ነበር፤ በመጨረሻ ግን ቁጥሩ ከ10 በመቶ በታች ወረደ።

ልዩነቱ ለምን መጣ? እንዶድ ቀንድ አውጣን ይገድላል እንጂ በሰው ውስጥ ያለውን ትል አይነካም። አዋቂው ከዓመታት በፊት የገባበትን ትል ይዞ ይኖራል፤ ስለዚህ የእርሱ ቁጥር በዝግታ ይወርዳል። ሕጻኑ ግን ከውኃው ጋር ገና መገናኘቱ ነው። እርሱ ካልተያዘ ውኃው ጠርቷል ማለት ነው። የወንዙ ንጽሕና በሕጻኑ ተለካ።

ይህን የመሰለ ውጤት በዓለም አቀፍ ተቋማት ዘንድ ወዲያው ተቀባይነት ያገኛል ብሎ ለሚጠብቅ ሰው ቀጣዩ ምዕራፍ ያሳዝናል። በአሜሪካ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም የፍሬው ገዳይ ንጥረ ነገር ተለይቶ ወጣና በአክሊሉ ስም ሌማቶክሲን ተባለ። ነገር ግን በድሃ ሀገር ቤተ ሙከራ የተሠራ የደኅንነት ፍተሻ በቂ ሆኖ አልተቆጠረም። በታወቁ የምዕራብ ቤተ ሙከራዎች፣ በውድ ዋጋ፣ እንደገና መመርመር ነበረበት፤ ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ሲለመን ዓመታት አለፉ። ፍተሻው በካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ ተሠርቶ አጥጋቢ ውጤት የተገኘው ከግኝቱ ሩብ ምዕት ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ በዓድዋ አንድ ዓመት የነበሩት ሕጻናት የራሳቸውን ልጆች ለመውለድ ደርሰው ነበር። ጥንቃቄ ማድረጉ ተገቢ ነው፤ እንዶድ በውኃ ውስጥ ሲገባ ዓሣንም እንደሚገድል የታወቀ ነው። በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ግን ኃይሉ ጠፍቶ ይበሰብሳል። ጥንቃቄውን ከመዘግየት የለየው ማንም አልነበረም።

በዚህ ሁሉ መካከል ሥራው እንዳይሞት ካደረጉት ሰዎች አንዱ የግብርና ባለሙያው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። ከሀገሪቱ ልዩ ልዩ ስፍራዎች የእንዶድ ዝርያዎችን ሰብስበውና አብቅለው በማወዳደር ምርቱም ኃይሉም የተሻለውን መረጡ፤ ዝርያ 44 በመባል ይታወቃል። ሁለቱ ኢትዮጵያውያን በ1989 አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። በማግሥቱ ዓመት የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ለአክሊሉ የክብር ዶክትሬት ሰጠ፤ በዚያው አጋጣሚ እንዶድ የአሜሪካን ሐይቆች የወረረውን ትንሽ ዛጎላማ እንስሳም እንደሚገድል ታወቀ። የፈጠራ መብቱን ግን ያስመዘገበው ዩኒቨርሲቲው ነው። የዓድዋዎቹ አጣቢ ሴቶች እውቀት በባዕድ ሀገር መዝገብ ባለቤት አገኘ፤ ይህ እስካሁን የሚያከራክር ጉዳይ ነው።

አክሊሉ በ1970ዎቹ ከሀገር ወጥተው ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሠርተዋል። ወደ ማብቂያው ግን የተመለሱት ወደ ሕጻናቱ ነው፤ ጣሊያን፣ ፍሎረንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕጻናት ዕድገት ማዕከል በኃላፊነት አገለገሉ። ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣ የቆጠረ ሰው የሕጻናት ዕድገት ማዕከል ምን አገናኘው ለሚል፣ የዓድዋው ቁጥር መልስ ይሆናል። በ1997 ሲያርፉ ዕድሜያቸው ገና ከስልሳዎቹ መጀመሪያ አላለፈም ነበር። የመሠረቱት ተቋም ዛሬ የአክሊሉ ለማ ፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ይገኛል።

ዛሬ ለቢልሃርዝያ ፕራዚኳንቴል የተባለ በአፍ የሚወሰድ ፍቱን መድኃኒት አለ። ኢትዮጵያ ከ2015 ጀምሮ በሀገር አቀፍ ደረጃ በትምህርት ቤቶች በኩል ስታድል ቆይታለች። የዕደላው ክፍተት ከስሙ ይታወቃል፤ ትምህርት ቤት ያልገባው አያገኝም። ከአራት ዓመት በታች ያለው ሕጻን፣ ከቤተሰቡ ጋር ከግጦሽ ግጦሽ የሚዘዋወረው ልጅ ከተራው ውጭ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው ሁለት ዓመት የሞላቸውም እንዲታከሙ መክሯል፤ ለሕጻናት ተብሎ የተዘጋጀው ክኒንም በ2023 ከአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ አዎንታዊ አስተያየት አግኝቷል። የዓድዋው ጥናት ከአንድ ዓመት ሕጻን ጀምሮ ከቆጠረ ግማሽ ምዕት ዓመት ሊሞላ ሲል ነው ይህ የመጣው።

እንዶድ የደጋና የወይና ደጋ ተክል ስለሆነ በአሚባራና በዱብቲ ሙቀት ከጓሮ አይቆረጥም፤ ከደጋ መምጣት አለበት። በዚህ ሸለቆ ያለች እናት ያለማንም እርዳታ ልታደርገው የምትችለው ሌላ ነገር አለ። ከቀንድ አውጣው የወጣው ትል ሰው ካላገኘ ከሁለት ቀን በላይ አይኖርም። የሕጻን ገላ መታጠቢያ ውኃ ከቦይ ተቀድቶ፣ ቀንድ አውጣ እንዳይገባበት በነጠላ ተጠልሎና ተከድኖ ሁለት ቀን ከዋለ ትሉ ሞቶ ይገኛል፤ ጊዜ ከሌለም ማፍላት ይቻላል። ወደ ውኃው መውረድ ግድ ከሆነ እኩለ ቀን አይመረጥም፤ አንጀት የሚያጠቃው ዓይነት ትል ከቀንድ አውጣው በብዛት የሚወጣው ፀሐይ ከበረታች በኋላ ነውና። ሽንቱ ደም የቀላቀለ ልጅ ደግሞ ዕድሜው ለትምህርት ባይደርስም ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት።