ስምጥ ሸለቆን የሰየመው የሱፍ ንግድ ጸሐፊ

የቆዳ ፋብሪካ በበዛባት ሞጆ ለምንኖር ሰዎች የጆን ዋልተር ግሪጎሪ ታሪክ ሩቅ አይደለም። በ1864 እ.ኤ.አ. ለንደን የተወለደው ይህ ሰው ሥራ የጀመረው በሱፍ ንግድ ጸሐፊነት ነው። ቀን ሱፍ ሲመዘግብ ይውልና ማታ ማታ ይማር ነበር። በ1887 የብሪታንያ ሙዚየም ቀጠረው።

ከእሱ መቶ ዓመት በፊት ጀርመናዊው አብርሃም ቬርነር እሳተ ገሞራ ከመሬት በታች የድንጋይ ከሰል ሲቃጠል የሚነሳ ነው ብሎ ያስተምር ነበር። በኋላ ግን የሚፈሰው የቀለጠ ዐለት መሆኑ ታወቀ። ታዲያ ለምን አንዱ አገር ይፈነዳል፣ ሌላው አይፈነዳም? በ1891 የቪየናው ኤድዋርድ ዚውስ የተጓዦችን ማስታወሻ አገጣጥሞ፣ ከማላዊ ሐይቅ እስከ ሙት ባሕር የተያያዘ ስንጥቅ አለ አለ። አገራችንም እዚያው መስመር ላይ ናት።

ግሪጎሪ ይሄንን በዓይኑ ሊያይ ተነሳ። አብሮት ሊጓዝ የነበረው ትልቅ ጓድ ሲበተን በ1893 አርባ ያህል ተሸካሚዎች ይዞ ከሞምባሳ ወደ ኬንያው ሸለቆ ዘለቀ። ሸለቆውን ወንዝ አልቦረቦረውም፤ መሬቱ በጎንና በጎኑ ተሰንጥቆ መሐሉ ወደ ታች ሰምጧል አለ። በ1896 ባሳተመው መጽሐፍም የስምጥ ሸለቆን ስም ለዓለም አስተዋወቀ። በአማርኛችን ስምጥ ስንል የእሱን ሐሳብ በአንድ ቃል እየተናገርን ነው እኮ!

ግሪጎሪ በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ለ25 ዓመታት አስተማረ። በ1932 አንዲስ ተራሮችን ሊያጠና ፔሩ ሄዶ ሳለ ጀልባው ኡሩባምባ ወንዝ ላይ ተገልብጦ ሞተ።

ዛሬ በሳተላይት ሲለካ የሸለቆው ሁለት ወገኖች በዓመት ጥቂት ሚሊሜትር ይራራቃሉ። ምድሩ ሲሳሳ ከሥር ያለው ትኩስ ዐለት ወደ ላይ ይመጣና ይቀልጣል። ጎረቤታችን ቢሾፍቱ ሐይቆቿን ያገኘችው ከእሳተ ገሞራ ፍንዳታ ነው። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌና አዋሽ አካባቢ መሬት ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ ብዙ ሰው ምን መጣብን አለ። እኔ የምለው፣ አዲስ ነገር አልመጣም፤ የቆምንበት መሬት ሥራውን እየሠራ ነው። ሞጆ ላይ ፎቅ የሚያቆም ሁሉ ግን ብረትና ሲሚንቶ ከመቀነሱ በፊት ይህችን ስምጥ የምትል ቃል ቢያስባት ደግ ነው።