የካሉጋው መምህር፤ የኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ የሕይወት ታሪክ

በዚህ የበዓል መጽሔት ላይ የአንድ ዝነኛ ሰው ታሪክ እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ፥ ከጓደኞቻችን ብዙዎቹ የነገሥታትንና የጦር ጀግኖችን ታሪክ መረጡ። እኛ የሳይንስ ክበብ አባሎች ግን፥ አንድም ሮኬት ወደ ሰማይ ሳይልክ የሮኬትን ሕግ ለዓለም ያስተማረውን የትንሽ ከተማ የሒሳብ መምህር መርጠናል። ወደ እሱ የመራን ከርባል ስፔስ ፕሮግራም የተባለ የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። ወላጆቻችን ጨዋታ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸውን እንዳያጠቍሩብን ነገሩን ከሥሩ እንገልጻለን።

ጨዋታውን ሠርቶ በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ ያቀረበው በሜክሲኮ የሚገኝ ስኳድ የተባለ ኩባንያ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፥ ካልተገለጸ በቀር፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። ተጫዋቹ ሞተር፥ የነዳጅ በርሜልና የሰው መቀመጫ እየገጣጠመ ሮኬት ይሠራል፤ ከዚያም ከርቢን ከምትባል የፈጠራ ዓለም ተነሥቶ ወደ ጨረቃዋ ለመድረስ ይሞክራል። በጨዋታው ውስጥ የሚተኰስበት ጠላት የለም፤ ጠላቱ ክብደት ነው። ጀማሪ ሁሉ ሮኬቱ አልወጣ ሲለው ነዳጅ ይጨምርበታል፤ ነዳጅ በጨመረ ቍጥር ደግሞ ሮኬቱ እየከበደ ይሄድና በመጨረሻ ከመሬት መነሣት ያቅተዋል። ይህ ለምን እንደሚሆን ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ በወረቀት ላይ አስልቶ የገለጸው ጆሮው በቅጡ የማይሰማ ሰው ነበረ።

ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ በሩሲያ አገር፥ በሪያዛን አውራጃ፥ ኢዥየቭስኮዬ በምትባል መንደር ሴፕቴምበር 17 ቀን 1857 ተወለደ። አባቱ የደን ሹም ነበረ። ልጁ ዐሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው ስካርላቲና የሚባል የትኩሳት በሽታ ያዘውና የመስማት ኀይሉን በአብዛኛው አጠፋበት። በክፍል ውስጥ መምህሩ የሚናገረውን መከተል ስላቃተው ትምህርቱን አቋረጠ። በዐሥራ ሦስት ዓመቱም እናቱ ሞተችበት። ከዚያ በኋላ መምህሩ መጽሐፍ ብቻ ሆነ።

ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነው አባቱ ወደ ሞስኮ ሰደደው። እዚያም ሦስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እየሄደ ሒሳብን፥ ፊዚክስንና ሥነ ከዋክብትን ያለ አስተማሪ ተማረ። አባቱ የሚልክለትን ጥቂት ገንዘብ ለመጽሐፍና ለመሞከሪያ ዕቃ እያዋለ ሆዱን በጥቍር ዳቦ ይደልል ነበር። በአገራችን ያለው የቆሎ ተማሪ ኑሮ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

እስካሁን ስለ ልጅ ስንናገር አንተ ማለቱ አልከበደንም። ከዚህ በኋላ ግን መምህር ሆነዋልና እሳቸው እንላለን።

በ1879 የመምህርነት ፈተና አልፈው በ1880 ቦሮቭስክ በምትባል ትንሽ ከተማ ሒሳብና ጂኦሜትሪ ማስተማር ጀመሩ። በ1892 ወደ ካሉጋ ተዛወሩ። ካሉጋ ከሞስኮ በስተ ደቡብ ምዕራብ ያለች፥ ዩኒቨርሲቲም ላቦራቶሪም ያልነበራት ከተማ ነበረች። መምህሩ ቀን ሲያስተምሩ ውለው ማታ በቤታቸው ይሠሩ ነበር። የሚሰሙበትንም የቆርቆሮ ጡሩምባ በገዛ እጃቸው ሠርተው ጆሯቸው ላይ ይደግኑት ነበር። በ1897 ነፋስ በዕቃ ላይ የሚያደርገውን ግፊት የሚለኩበት መሣሪያ ሠሩ። ዋናውንም የሮኬት ሒሳብ የጻፉት በዚሁ ዓመት ነው። ጽሑፉ በአንድ የሳይንስ መጽሔት ላይ የታተመው በ1903 ሲሆን፥ ያን ጊዜ ልብ ያሉት ሰዎች ጥቂቶች ነበሩ። የራይት ወንድማማቾች አይሮፕላን ገና አልበረረችም ነበር፤ የበረረችው በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ነው።

ሒሳባቸው እንዲህ ነው። ሮኬት የሚያገኘው ፍጥነት በሁለት ነገሮች ላይ የቆመ ነው፤ አንደኛው ጋዙ ከሞተሩ የሚወጣበት ፍጥነት፥ ሁለተኛው ደግሞ ሮኬቱ ሲነሣ የነበረው ክብደት ነዳጁ ካለቀ በኋላ ለቀረው ክብደት ሲካፈል የሚገኘው ቍጥር ነው። የዚህ ቍጥር የተፈጥሮ ሎጋሪዝም በጋዙ ፍጥነት ሲባዛ የሮኬቱን ፍጥነት ይሰጣል። በሒሳብ ክፍል ደረቅ የሚመስለው ሎጋሪዝም እዚህ ላይ ነፍስ ይዘራል። ጋዙ በሴኮንድ 3,000 ሜትር ይወጣል እንበል። ሮኬቱም 3,000 ሜትር በሴኮንድ እንዲሮጥ ሲነሣ ከባዶው 2.7 እጥፍ ያህል መክበድ አለበት። ለ6,000 ሜትር 7.4 እጥፍ፥ ለ9,000 ሜትር 20 እጥፍ ያህል ያስፈልገዋል። እንግዲህ 20 ኩንታል ከሚመዝን ሮኬት 19ኙ ኩንታል ነዳጅ ሆኖ፥ ለሞተሩ፥ ለአካሉና ለሰውዬው የሚቀረው አንድ ኩንታል ብቻ ነው ማለት ነው። ምድርን ለመዞር ደግሞ የአየሩ ግጭትና የስበቱ ኪሣራ ሲታሰብ 9,400 ሜትር በሴኮንድ ያህል ያስፈልጋል። ከከተማችን ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ከባድ መኪና አዋሽ ላይ ወይም ሚሌ ላይ ቆሞ ነዳጅ ይሞላል፤ ሮኬት ግን የመንገዱን ነዳጅ ሁሉ ተሸክሞ ይነሣል፤ የተሸከመውንም ነዳጅ ለመሸከም ሌላ ነዳጅ ይፈልጋል።

መምህሩ በ1929 ባሳተሙት ጽሑፍ መፍትሔውን በሰፊው አብራሩ። ሮኬቶችን እንደ ባቡር ፉርጎ አያይዞ መላክ፥ ነዳጁ ያለቀበትንም ፉርጎ በመንገድ ላይ እየጣሉ መሄድ ነው። ባዶ ጀሪካን ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ሰው የለም። በጨዋታው ውስጥ ይህን ዘዴ የያዘ ተጫዋች በዚያው ቀን ወደ ጨረቃ የሚወስደውን መንገድ ያገኛል።

ስለ ጕዞ ዕቅድም ጥቂት እንበል። ከአዳማ በሞጆ አድርጎ እስከ ሻሸመኔ የሚሄድ ሰው ወደ መቂ ስንት፥ ወደ ዝዋይ ስንት፥ ከዚያም ስንት ብሎ የደርሶ መልሱን የመኪና ዋጋ አስቀድሞ ይቈጥራል። እኛም እንዲሁ በጥቍር ሰሌዳ ላይ የጨዋታውን መንገድ እንቈጥራለን፤ ብሩ ሜትር በሴኮንድ ነው። ከርቢንን ለመዞር 3,400፥ ወደ ጨረቃዋ ለመወርወር 860፥ ጨረቃዋን ለመዞር 310፥ ለማረፍ 580፤ በመልሱ ለመነሣት 580፥ ወደ ቤት ለመመለስ 310፤ ድምሩ 6,040 ያህል ነው። መጨረሻ ላይ አየሩ በነጻ ያቆመናል። ከርቢን ከእኛ ምድር በጣም ያነሰች ስለ ሆነች ዋጋው ረክሶልናል። ጨረቃዋም ስለምትጓዝ የሚታለመው አሁን ወዳለችበት ሳይሆን ስንደርስ ወደምትገኝበት ስፍራ ነው፤ ይህን ቆጣቢ መንገድ በ1925 ያሳየው ዋልተር ሆማን የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው። ጨዋታው ብቻውን ይህን ሁሉ አያስተምርም፤ ሳያሰላ የሚጫወት ሰው ዓመት ሙሉ ሮኬት ሲያፈነዳ ሊኖር ይችላል።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ከተማችን አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ምድር ወደ ምሥራቅ ስለምትሽከረከር ወደ ምሥራቅ የሚነሣ ሮኬት ጥቂት ፍጥነት በነጻ ያገኛል። ይህም ስጦታ ወደ ምድር ወገብ በቀረቡ መጠን ይበዛል። በካሉጋ 270 ሜትር በሴኮንድ ያህል ሲሆን በአዳማ 460 ያህል ነው።

መምህሩ ለ40 ዓመት ያህል ሲያስተምሩ ኑሮ አልቀናቸውም። በቦሮቭስክ ሳሉ ቤታቸው በእሳት ተቃጠለ። በ1908 ደግሞ የኦካ ወንዝ ሞልቶ ቤታቸው ገባና ብዙ ጽሑፋቸውን አጠፋው፤ አዋሽ ሲሞላ ያዩ የወንጂ ሰዎች ይህ ምን እንደ ሆነ ያውቃሉ። ጽሑፋቸውን ግን አላቆሙም። መንግሥት የዕድሜ ልክ ጡረታ የሰጣቸው በ1921 ነው። ሴፕቴምበር 19 ቀን 1935 በካሉጋ ዐረፉ።

በተወለዱ በመቶኛው ዓመት፥ ኦክቶበር 4 ቀን 1957፥ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ስፑትኒክ ምድርን ዞረች፤ በ1961 ዩሪ ጋጋሪን ተከተለ። የአገራችንም የመጀመሪያ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. እንደ እኛ አቈጣጠር ከቻይና መጠቀች። እሷ ራሷ ከአንድ ኩንታል ያነሰች ስትሆን የወሰዳት ሮኬት ከ2,000 ኩንታል በላይ ይመዝን ነበር፤ እሱም ቢሆን ለብቻዋ የተነሣ አልነበረም። አንባቢ ይህን አካፍሎ ሲያይ የመምህሩን ሎጋሪዝም ያገኘዋል።

በካሉጋ የኖሩበት የእንጨት ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። የሚሠሩባቸው መሣሪያዎችና የቆርቆሮ ጡሩምባዎቻቸው እዚያ ተቀምጠዋል።