አባ ግሬጎር ሜንዴል፦ የተሰወረው እንደማይጠፋ ያሳዩ መነኩሴ

ዓለም የዘር ውርስ ትምህርት አባት ብሎ የሚጠራቸው ሰው ካቶሊካዊ ካህንና መነኩሴ ነበሩ። ያገኙት ሕግ በምሁራን ዘንድ ብቻ የሚቀር ሳይሆን በየበረቱና በየቤቱ የሚታይ ስለሆነ፣ ታሪካቸውን ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በአጭሩ እናቀርባለን። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዮሐን ሜንዴል በ1822 ዓ.ም. ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ በምትባለው፣ ያን ጊዜ በኦስትሪያ ግዛት ሥር በነበረች አገር፣ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። በ1838 አባታቸው ግንድ ወድቆባቸው ክፉኛ ስለተጎዱ ቤተሰቡ ተቸገረ። ታናሽ እኅታቸው ቴሬዚያ ለትዳሯ ከተመደበላት ገንዘብ ከፍላ ትምህርታቸውን እንዲቀጥሉ ረዳቻቸው። እርሳቸውም በኋላ ልጆቿን በማስተማር ውለታዋን መለሱ።

በ1843 በብርኖ ከተማ ወደሚገኘው የአውጎስጢኖሳውያን ገዳም ገብተው ግሬጎር ተባሉ፤ በ1847 ክህነትን ተቀበሉ። ነገር ግን የሕሙማንን ሥቃይ ማየት እጅግ ስለከበዳቸው ራሳቸው ታመሙ። አበ ምኔቱ ሲሪል ናፕ ይህን ተመልክተው ወደ ማስተማር ሥራ መሯቸው። የመምህርነት ማረጋገጫ ፈተናውን ሁለት ጊዜ ተፈትነው አላለፉም፤ ቢሆንም ከ1851 እስከ 1853 በቪየና ዩኒቨርሲቲ ያገኙት የፊዚክስ፣ የሒሳብና የዕፅዋት ትምህርት ለኋላ ሥራቸው መሠረት ሆነ።

ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች እንደሚተርኩት፣ አባ ሜንዴል በመጀመሪያ በክፍላቸው ግራጫና ነጭ አይጦችን ያረቡ ነበር። የአገሩ ጳጳስ ግን አንድ መነኩሴ እንስሳትን ማዳቀሉን አልወደዱትም ይባላል። አባ ሜንዴልም በገዳሙ አትክልት ቦታ ከ1856 እስከ 1863 ድረስ ወደ 28,000 የሚጠጉ የአተር ተክሎችን መረመሩ። ቢጫ ፍሬ ያለውን ከአረንጓዴው ጋር ሲያዳቅሉ የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉ ቢጫ ሆነ። ይህ ትውልድ በራሱ ዘር ሲተካ ግን 6,022 ቢጫና 2,001 አረንጓዴ ፍሬዎች ተቈጠሩ፤ ማለትም ከአራቱ አንዱ አረንጓዴ ሆኖ ተመለሰ። ከዚህም እያንዳንዱ ፍጥረት ለአንድ ጠባይ ከአባት አንድ፣ ከእናት አንድ ምንጭ እንደሚቀበል፣ አንዱ ምንጭ ሌላውን ቢሸፍነው እንኳ የተሸፈነው ሳይጠፋ ወደ ልጅ ልጅ እንደሚተላለፍ ተረዱ።

ጥናታቸውን በ1865 በብርኖ በንግግር አቀረቡ፤ በ1866 ታተመ። ልብ ያለው ሰው ግን ጥቂት ነበር። በ1868 አበ ምኔት ሆነው ተመረጡ። የመጨረሻ ዓመታቸውን ስለ ገዳሙ ግብር ከመንግሥት ጋር በመከራከር አሳልፈው በጥር 1884 ዐረፉ። በ1900 ሦስት ሊቃውንት በየግላቸው ወደዚያው ሕግ ደርሰው የተረሳውን ጽሑፍ ወደ ብርሃን አወጡት።

በ1902 ፈረንሳዊው ሉሲየን ኬኖ አባ ሜንዴል ወደተዉአቸው አይጦች ተመለሰ። ግራጫውን ከነጩ ጋር ሲያዳቅል ልጆቹ ሁሉ ግራጫ ሆኑ፤ እነዚህ እርስ በርሳቸው ሲዋለዱ ግን ከአራቱ አንድ ገደማ ነጭ ተወለደ። ራሱና ትከሻው ጠቁሮ ሌላው አካሉ የነጣው፣ ቆብ የደፋ የሚመስለው የቤት አይጥም እንዲሁ ነው፤ ይህ መልክ የሚወጣው ምንጩ ከሁለቱም ወላጆች ሲመጣ ነው። ምንጮቹ ዛሬ ጂን ይባላሉ።

ይህ ሕግ ከእኛም ሩቅ አይደለም። ከአዳማ እስከ መቂና ባቱ ያለ ከብት አርቢ ከሁለት ጥቁር ከብቶች ቀይ ጥጃ ሲወለድ ሊያይ ይችላል። በአዳማ አጠገብ ባለው የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የቦሎቄ ዝርያ የሚያሻሽሉ ባለሙያዎችም የሚሠሩት በዚሁ ሕግ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ስለ ሰው የሚያስተምረን ነው። ከጥቁር አባትና እናት ቆዳውና ጠጉሩ የነጣ ልጅ ሲወለድ፣ አንዳንዱ እናቲቱን በክሕደት ይጠረጥራታል፤ ሌላው እርግማን ነው ይላል። ሁለቱም ሐሰት ነው። አልቢኒዝም በአብዛኛው እንደ ነጩ አይጥ የሚወረስ ነው፤ አባትም እናትም ሳያውቁት የተሸፈነውን ጂን ይይዛሉ። እንዲህ ባሉ ወላጆች በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ ከሁለቱም የመውረሱ ዕድል ከአራት አንድ ነው። እንግዲህ ለእናቲቱ ብቻ የሚለይ ምክንያት የለም፤ በደለኛም የለም።

ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር እንዲህ ያለ ልጅ በክፍሉ ቢያገኝ፣ ዓይኑ ብዙ ጊዜ ስለሚደክም ከፊት ያስቀምጠው፤ በቆላችን ፀሐይ ቆዳው እንዳይጎዳ ጥላ፣ ባርኔጣና እጀ ረጅም ልብስ እንዲኖረው ወላጆቹን ይምከር፤ ጎረቤት ሲያማ ቢሰማም እውነቱን ያስረዳ። አባ ሜንዴል በዕድሜያቸው ምስጋና ያላገኙበት ሥራ ዛሬ የአንዲትን እናት ስም ከሐሜት ሊያድን ይችላል።