ከፍል ውኃው ዳር፦ እቴጌ ጣይቱ ብጡል

አዲስ አበባ ዕድሜዋን የምትቆጥረው ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። የምሥረታዋ በዓል በተከበረ ቁጥር በልደታም ሆነ በአራዳ፣ በጉለሌም ሆነ በቂርቆስ ለሚኖር ሰው ቀድሞ የሚነሳለት ስም የእቴጌ ጣይቱ ብጡል ነው።

እቴጌይቱ የራስ ብጡል ኃይለማርያም ልጅ ሲሆኑ፣ የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ አጎታቸው ነበሩ። ሴት ልጅ ፊደል በማትቆጥርበት ዘመን ማንበብና መጻፍ ተምረዋል፤ በገናም ይደረድሩ ነበር። በ1875 ዓ.ም. ከሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጋር በአንኮበር ተጋቡ።

በዚያን ጊዜ የንጉሡ መቀመጫ እንጦጦ ነበር። እንጦጦ ለጦር ምሽግነት ይመች እንጂ ብርድና ነፋስ የበዛበት፣ ውኃና ማገዶ የሚቸግርበት ቦታ ነው። ቤተ መንግሥቱ ለገላ መታጠቢያ ወደ ፍል ውኃ ይወርድ ስለነበር እቴጌይቱ የሜዳውን አየርና ውኃ ወደዱት። ምኒልክ ወደ ሐረር በዘመቱበት ዓመት ከፍል ውኃው አጠገብ ቤት አሠሩ፤ ስፍራውንም አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱም በየተራ ሰፈር እየያዙ ተከተሉ።

መስኩ ግን ባዶ አልነበረም። ፊንፊኔ ብለው የሚጠሩት የኦሮሞ አርሶ አደሮችና ከብት አርቢዎች ይኖሩበት ነበር። ከተማዋ ስትሰፋ መሬቱ ለመኳንንትና ለሠራዊት ተደለደለ። በዓሉ ሲከበር ይህን መዝለል ተገቢ አይሆንም። ለግብር አዳራሹ የሚቀርበው እህል፣ ማር፣ ቅቤና ሰንጋም ከገባሩ ጓሮና ማሳ የሚመጣ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ክፉ ቀን መጣ። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የከብት በሽታው በሬውን ጨረሰው፣ ማሳው ጦም አደረ፣ ሕዝቡ በረሃብ አለቀ። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት እስከ መቆፈር ደርሰዋል። ጣይቱ እቴጌ ተብለው ዘውድ የጫኑት በዚሁ በችግሩ መሐል፣ ጥቅምት 1882 ዓ.ም. ነው።

እቴጌይቱ የውኃን ዋጋ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በ1888 ዓ.ም. በመቀሌ የጣሊያን ምሽግ ሲከበብ፣ ጠላት የሚቀዳበት ምንጭ እንዲያዝ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። ምሽጉም በጥም ተለቀቀ። በዓድዋ ደግሞ ሴቶች ውኃ ተሸክመው ለተዋጊው እንዲያደርሱ አድርገዋል።

በ1900 ዓ.ም. ገደማ የእቴጌ ሆቴልን ከፈቱ። ለምግብ ገንዘብ መክፈል ያልለመደው መኳንንት ነውር መስሎት ስለነበር፣ መጀመሪያ ምኒልክ በልተው ከፍለው አሳዩ ይባላል። ዛሬ ምርቱን በሚዛን ለሚሸጥ የማኅበር አባል ነገሩ ሳያስቅ አይቀርም። ሆቴሉ በጥር 2007 ዓ.ም. ቃጠሎ ደርሶበታል።

ከተማዋ ራሷ ልትቀር የደረሰችበት ጊዜም ነበር። በ1893 ዓ.ም. ገደማ ማገዶ በማለቁ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ግንባታ ተጀምሮ ነበር። ቶሎ የሚደርሰው ባሕር ዛፍ ነው ያተረፋት።

ምኒልክ ሲታመሙ እቴጌይቱ መንግሥቱን በእጃቸው ያዙ፤ ሆኖም በ1902 ዓ.ም. የሸዋ መኳንንት ከሥልጣን አገለሏቸው። ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ፣ ትተዋት ወደወረዷት እንጦጦ ተመልሰው በማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ኖሩ። የካቲት 1910 ዓ.ም. በዚያው አረፉ። አፅማቸው በኋላ ወርዶ ከባለቤታቸው ጎን በበአታ ቤተ ክርስቲያን አርፏል።